ፍንዳታ ወይስ ፍካት?

«የካምብሪያን ፍንዳታ» ሲባል ለአማርኛ ሰሚ መጀመሪያ የሚታየው ጢስና ስብርባሪ ነው። የዩኒቨርስ አጀማመርም «ታላቁ ፍንዳታ» ስለሚባል፣ ሁለቱን ያደባለቀ ተማሪ አይፈረድበትም። በአዲስ አበባ የሠፈር ቋንቋማ ፍንዳታ ማለት ጢሙ በቅጡ ያልበቀለ ጎረምሳ ነው።

«የካምብሪያን ክፍለ ዘመን» የሚለው ደግሞ ይብሳል። ክፍለ ዘመን መቶ ዓመት ነው፤ ካምብሪያን ከ50 ሚሊዮን ዓመት በላይ ቆይቷል። «የካምብሪያን ዘመን» ይበቃል። ስሙ አይነካ፤ የሥነ ምድር ተመራማሪው አዳም ሴጅዊክ እ.ኤ.አ. በ1835 ያወጣው ከዌልስ የላቲን መጠሪያ ከካምብሪያ ነው።

ከ539 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት በጀመረው በዚህ ዘመን፣ የዛሬዎቹ አብዛኞቹ ዋና ዋና የእንስሳት ወገኖች በባሕር ውስጥ በፍጥነት ብቅ ብቅ አሉ፤ «ፍንዳታ» የተባለው ይህ ነው። ከእነርሱ ጋር እንግዳ ፍጥረትም ነበር። ካናዳ ውስጥ በበርጀስ ሼል አለት የተገኘው ኦፓቢኒያ 5 ዓይኖችና ጫፉ እንደ መቆንጠጫ የሚይዝ ኩምቢ ነበረው። የቅሪተ አካል ተመራማሪው ሃሪ ዊቲንግተን እ.ኤ.አ. በ1972 ሥዕሉን ለሳይንቲስቶች ሲያሳይ ታዳሚው በሳቅ ፈነዳ። (እዚህ ላይ ፈነዳ ተገቢ ነው።)

ታዲያ ምን እንበለው? «ብዝኃት» ከግእዙ በዝኀ የመጣ የተከበረ ቃል ነው፤ መብዛቱን ይናገራል እንጂ ፍጥነቱን ይውጠዋል። «ፍልቀት» ሕያው ነው፤ ግን ምንጭ ከመሬት ሥር ሳይታይ ነው የሚመጣው፤ ከዚያ በፊት ምንም ያልነበረ ያስመስላል።

የሚሻለው «ፍካት» ነው። እርግጥ አበባም ይፈነዳል፤ ግሡ ምንም አልሆነም። «ፍንዳታ» የሚለውን ስም ግን ዜናው ለቦምብ አስረክቦታል። «ፍካት» ከዚያ ነፃ ነው፤ በዚያ ላይ አስቀድሞ እምቡጥ መኖሩን ይናገራል።

እምቡጡም አለ። የሥነ ምድር ተመራማሪው ሬጅ ስፕሪግ እ.ኤ.አ. በ1946 በደቡብ አውስትራሊያ፣ በኤዲያካራ ኮረብቶች፣ አጥንትም ዛጎልም የሌላቸው ፍጥረታት አሻራ አገኘ። ከካምብሪያን በፊት ያለው ዘመን እ.ኤ.አ. በ2004 ኤዲያካራን የተባለው በእነዚያ ኮረብቶች ስም ነው።

ብዙዎቹ የኤዲያካራን ፍጥረታት ዘር ሳይተኩ ጠፍተዋልና ምን እምቡጥ አላቸው የሚል ተቃውሞ ይነሣ ይሆናል። ሁሉም ግን አይደሉም። የባሕሩን ወለል እየፋቀች ትመገብ የነበረችው ኪምበሬላ፣ በብዙ ተመራማሪዎች ግምት፣ ለነቀንድ አውጣ ወገን የምትቀርብ ናት።