ማዕድ ያቆመው ሰፈር፦ የሳውዝሆል ታሪክና የእኛ ጥያቄ

ከለንደን መካከል ወደ ምዕራብ 17 ኪሎ ሜትር ያህል ሲኬድ፣ ሂዝሮው አውሮፕላን ማረፊያ ሳይደረስ፣ ሳውዝሆል የሚባል ሰፈር ይገኛል። የባቡር ጣቢያው ስም በእንግሊዝኛና በፑንጃብኛ ተጽፏል። በዋናው ጎዳና ግራና ቀኝ የሳሪ መደብር፣ የወርቅ ቤት፣ የቅመም ሱቅና ትኩስ ጃሌቢ ከዘይት እያወጣ የሚሸጥ ጣፋጭ ቤት ተደርድሯል። ግላሲ ጃንክሽን የተባለው መጠጥ ቤት፣ ሳይዘጋ በፊት፣ ከፓውንድ ጎን የሕንድ ሩፒ ይቀበል ነበር። በኤፕሪል ወር ለቫይሳኪ በዓል ሲኮች ቅዱስ መጽሐፋቸውን አጅበው አደባባይ ይወጣሉ፤ በየመንገዱ ዳር የቆሙ በጎ ፈቃደኞችም ለአላፊ አግዳሚው ሁሉ ምግብ በነጻ ያድላሉ። በመጸው ወራት ዲዋሊ ሲደርስ ደግሞ ሰፈሩ በመብራትና በርችት ይደምቃል።

ለጎብኚ ይህ ሁሉ የባህል ትርኢት ነው። መንግሥታዊ መሥሪያ ቤቶችም ስለ ስደተኛ ማኅበረሰብ ሲያወሩ ብዙ ጊዜ የሚታያቸው ሳህኑና ከበሮው ነው፤ ቁም ነገሩ፣ ማለትም ሥራው፣ ቤቱ፣ ትምህርቱና መብቱ፣ ሌላ መዝገብ ላይ ይሰፍራል። የሳውዝሆል ታሪክ ግን ይህን አከፋፈል አይቀበልም። በዚያ ሰፈር ማዕዱና በዓሉ የመብት ትግሉ መሠረት ነበሩ። እኛም በዚህችው ከተማ እድር፣ ማኅበርና ሰንበቴ ይዘን ግማሽ ምዕተ ዓመት ገደማ ስለኖርን፣ ታሪኩን በጎረቤት ዓይን ሳይሆን በባለ ጉዳይ ዓይን ማንበብ ይገባናል። (ዓመታቱ በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ፋብሪካውና የጋራ ቤቱ

በ1947 ሕንድ ነጻ ስትወጣ ፑንጃብ ለሁለት ተከፈለች፤ ሚሊዮኖችም ከመሬታቸው ተነቀሉ። በቀጣዩ ዓመት የወጣው የብሪታንያ የዜግነት ሕግ ለኮመንዌልዝ አገሮች ዜጎች የብሪታንያን በር ክፍት አድርጎ አቆየ። ከጦርነቱ በኋላ ፋብሪካዎቿን የሚያንቀሳቅስ የሰው ኃይል ላጠራት አገር ይህ ጥቅም ነበረው። ሳውዝሆል አጠገብ የነበረው የዉልፍ የጎማ ፋብሪካ ከ1950ዎቹ መጀመሪያ አንሥቶ የፑንጃብ ሰዎችን ይቀጥር ጀመር። ሥራው ሙቀት የበዛበት፣ ቆሻሻና ሌሊቱ የረዘመ ነበር፤ አገሬው የሸሸው ሥራ።

የመጡት በአብዛኛው ብቻቸውን የመጡ ወንዶች ነበሩ። አንድ ቤት ለብዙ ሰው ተከራይተው፣ የሌሊት ተረኛው የለቀቀውን አልጋ የቀን ተረኛው ተኝቶበት፣ ወጪውን ተካፍለው፣ ወጡን በጋራ ድስት ሠርተው ኖሩ። በ1962 ብሪታንያ የኮመንዌልዝ ዜጎችን መግቢያ የሚገድብ ሕግ ስታወጣ ያልታሰበ ነገር ሆነ። በሩ ሊዘጋ ነው የተባለ ሰው ሚስቱንና ልጆቹን ለማምጣት ተጣደፈ። ለጊዜው ሠርቶ ለመመለስ የመጣው ወንድ ቤተሰብ ያለው ነዋሪ ሆነ። ስደትን ለመቀነስ የወጣው ሕግ ስደተኛውን ተከለው። የኋላ ኋላ በ1972 ኢዲ አሚን ከኡጋንዳ ያባረሯቸው እስያውያን ወደ ብሪታንያ ሲገቡም፣ ከምሥራቅ አፍሪካ ከመጡት ቤተሰቦች ከፊሉ ሳውዝሆልን መረጡ።

ላንጋር

ቤተሰብ ሲሰበሰብ የአምልኮ ቤት ያስፈልጋል። የሲኮች የአምልኮ ቤት ጉርድዋራ ይባላል፤ ጉርድዋራ ደግሞ ያለ ወጥ ቤት አይሟላም። ከሃይማኖቱ መሥራች ከጉሩ ናናክ (1469–1539) ዘመን ጀምሮ የሚቆጠረው የጋራ ማዕድ ላንጋር ይባላል። የመጣ ሁሉ፣ ሃይማኖቱና ማዕረጉ ሳይጠየቅ፣ ጫማውን አውልቆ፣ ራሱን ሸፍኖ፣ መሬት ላይ ተሰልፎ ይቀመጣል፤ ምስር ወጥ፣ ቂጣና አትክልት ይቀርብለታል። ሥጋ የለም፤ ማንም የማይጸየፈው ምግብ እንዲሆን ነው። ክፍያ የለም። የሚያበስለው፣ የሚያድለውና ድስት የሚያጥበው በጎ ፈቃደኛ ነው፤ ወጪው ከምእመናን መዋጮ ይሸፈናል። ምእመኑ ከገቢው ከአሥር አንድ እጅ እንዲሰጥ የሚያዝዝ ሥርዓትም አላቸው። እኛ አሥራት የምንለው ነው።

ላንጋር ለእኛ አንባቢ ሩቅ አይደለም። ሰንበቴ ከቅዳሴ በኋላ በደጀ ሰላም ጠበል ጻዲቁን ሲያቀርብ፣ ካህኑም ነዳያኑም ከዚያው ይቀምሳሉ። ልዩነቱ በአሠራሩ ነው። ሰንበቴ በአባላት ተራ በየሰንበቱ ወይም በየወሩ ይወጣል፤ የላንጋር እሳት ግን በትላልቆቹ ጉርድዋራዎች በየቀኑ ይነድዳል። በየቀኑ የሚነድድ እሳት ደግሞ ቋሚ ቤት፣ ቋሚ ገንዘብና ቋሚ አስተዳደር ይጠይቃል። የሳውዝሆል ሲኮች ከኪራይ አዳራሽ ተነሥተው፣ ቤት ገዝተው፣ በመጨረሻም በ2003 በሃቭሎክ ጎዳና 17 ሚሊዮን ፓውንድ ገደማ የፈጀውን የስሪ ጉሩ ሲንግ ሳባ ጉርድዋራ አስመረቁ። ከሕንድ ውጭ ካሉት ታላላቅ ጉርድዋራዎች አንዱ ነው፤ የቆመውም በማኅበረሰቡ መዋጮ ነው።

የጎዳናው ስም ራሱ ታሪክ አለው። ጄኔራል ሄንሪ ሃቭሎክ በ1857 በእንግሊዝ አገዛዝ ላይ የተነሣውን የሕንድ ዓመፅ ከደመሰሱት የጦር አዛዦች አንዱ ነበር። በዚያው ዓመት ወደ ለክናው ጥሶ በገባው ጦር ውስጥ ሮበርት ናፒየርም ነበር፤ ከ11 ዓመት በኋላ ከቦምቤይ የተነሣ ጦር እየመራ፣ የፑንጃብ ወታደሮችንም አስከትሎ፣ መቅደላ የደረሰው ያው ሰው ነው። ሕንዶችና እኛ በዚያ ታሪክ ውስጥ የተገናኘነው በሌላ ሰው ትእዛዝ ነው። በቅርብ ዓመታት የጉርድዋራው ደጃፍ ያለበት የጎዳናው ክፍል ጉሩ ናናክ ጎዳና ተብሏል። ስሙን ለማስለወጥ የቻለው ድምፅ ያለው፣ ቤቱም የራሱ የሆነ ማኅበረሰብ ነው።

ሲኒማው

ማዕዱ ብቻውን አልሠራም። በ1950ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ በሳውዝሆል የሕንድ ሠራተኞች ማኅበር ተመሠረተ። መጀመሪያ ሥራው ደብዳቤ መጻፍ፣ ቅጽ መሙላት፣ ቀጣሪና መሥሪያ ቤት ፊት መቆም ነበር። በ1960ዎቹ ማኅበሩ ዶሚኒየን የተባለውን ሲኒማ ቤት በእጁ አስገባ። ቅዳሜና እሑድ የሂንዲ ፊልም ይታይበታል፤ ቤተሰብ ልብሱን ለውጦ፣ ምግቡን ቋጥሮ ይመጣል። ፊልሙ ገቢ ያስገኛል፤ አዳራሹም ለስብሰባ ይሆናል። መዝናኛው ለፖለቲካው ወጪ ሸፈነ ማለት ነው።

ያስፈለገበት ጊዜም አልዘገየም። በ1965 መገባደጃ የዉልፍ ሠራተኞች ለሳምንታት ሥራ ሲያቆሙ፣ በዋናነት ከጎናቸው የቆመው የራሳቸው ማኅበረሰብ ነበር። በእነዚያው ዓመታት ነጭ ወላጆች በአካባቢው ትምህርት ቤት የስደተኛ ልጆች በዙ ብለው ስላቤቱታቸው፣ መንግሥት የአንድ ትምህርት ቤት የስደተኛ ተማሪዎች ቁጥር ከሲሶ እንዳያልፍ የሚል መመሪያ አወጣ። የሳውዝሆል ሕፃናት በየማለዳው በአውቶቡስ እየተጫኑ ወደ ሩቅ ትምህርት ቤቶች ተበተኑ፤ አሠራሩ እስከ 1980ዎቹ መጀመሪያ ዘለቀ። ልጁ ከሰፈሩ ተነቅሎ በሚውልበት በዚያ ዘመን፣ ቋንቋውንና ወገኑን የሚያገኘው በጉርድዋራውና በሲኒማው ነበር።

ጁን 4 ቀን 1976 ጉርዲፕ ሲንግ ቻጋር የተባለ የ18 ዓመት ወጣት በዚያው በዶሚኒየን አቅራቢያ በዘረኛ ጥቃት ተገደለ። ወጣቶቹ የአባቶቻቸውን ትዕግሥት ነቅፈው የሳውዝሆል የወጣቶች ንቅናቄን መሠረቱ። ኤፕሪል 23 ቀን 1979 ብሔራዊ ግንባር የተባለው ዘረኛ ፓርቲ በሰፈሩ ማዘጋጃ ቤት ስብሰባ ሲጠራ ሕዝቡ ተቃውሞ ወጣ። የኒው ዚላንድ ተወላጅ የነበረው መምህር ብሌር ፒች በዕለቱ ጭንቅላቱን ተመትቶ ሞተ። የለንደን ፖሊስ በ2010 ይፋ ያደረገው የምርመራ ዘገባ መቺው ፖሊስ መሆኑ እርግጥ ለመሆን የቀረበ ነው ብሏል። ከቀብሩ በፊት አስከሬኑ በዶሚኒየን አዳራሽ አርፎ፣ በሺህ የሚቆጠር የሰፈሩ ሰው በፊቱ አልፎ ተሰናበተው።

ይህን ማስተዋል ይገባል። ሟቹ ሕንዳዊ አልነበረም፤ ሲክም አልነበረም። አዳራሹም የፊልም አዳራሽ ነበር። ሰፈሩ ግን ለበዓል በገዛው ቤት የሌላውን ሰው ልጅ እንደ ራሱ አለቀሰለት። እድር ምን እንደሆነ የሚያውቅ ሰው ይህን ለመረዳት ማብራሪያ አይሻም። ድንኳኑ፣ ወንበሩና ድስቱ ለሰርግም ለሐዘንም አንድ ነው፤ ዋናው አስቀድሞ ተገዝቶ መቀመጡ ነው።

ከማዕዱ ጀርባ

የሳውዝሆልን ታሪክ ማወደስ ብቻ ግን ታሪክ አይሆንም። ላንጋር ሁሉን በአንድ ረድፍ ያስቀምጣል፤ ሰፈሩ ግን የእጅ ባለሙያ ዘር የሆኑት ራምጋርያዎችና ዝቅ ተደርገው ይታዩ የነበሩት ራቪዳሲያዎች የየራሳቸውን የአምልኮ ቤት የሠሩበትም ነው። በማዕድ ላይ የተሻረው የዘር ተዋረድ በጋብቻና በአስተዳደር ላይ ቀጠለ።

የሴቶቹ ጉዳይ ደግሞ ከዚህ ይከብዳል። በ1979፣ ሰፈሩ በመንገድ ላይ ዘረኝነትን በታገለበት በዚያው ዓመት፣ የእስያና የአፍሪካ-ካሪቢያን ዝርያ ያላቸው ሴቶች ሳውዝሆል ብላክ ሲስተርስን መሠረቱ። ጥያቄያቸው በቤት ውስጥ ስላለው ዱላ ነበር። ገመናችንን ለጠላት አሳልፋችሁ ሰጣችሁ ተብለው በገዛ ወገናቸው ተነቀፉ። እነርሱ ግን ገፉበት፤ ለዓመታት ሲደበድባት የኖረውን ባሏን ገድላ ዕድሜ ልክ የተፈረደባት ኪራንጂት አህሉዋሊያ በ1992 ነጻ እንድትወጣ ያደረጉት ዘመቻም የብሪታንያን የፍርድ አስተሳሰብ ነካ። ማኅበረሰብን የሚያቆመው ማዕድ፣ ድስቱን የምትጥደው ሴት የምትናገርበት መድረክ ካልሆነ፣ አንድነቱ በእርሷ ዝምታ ላይ የተገነባ ይሆናል።

ዛሬ ሰፈሩ እየተለወጠ ነው። በ2022 አገልግሎት የጀመረው የኤልሳቤጥ መስመር ሳውዝሆልን ከመሐል ከተማ ጋር በፍጥነት አገናኘው፤ በቀድሞው የጋዝ ፋብሪካ ቦታ ላይ በሺዎች የሚቆጠሩ አዳዲስ ቤቶች እየተሠሩ ነው። ከመጀመሪያዎቹ መጪዎች ልጆችና የልጅ ልጆች ብዙዎቹ ወደ ሌላ አካባቢ ሄደዋል፤ በቦታቸው ሶማሌዎች፣ አፍጋኖችና ሌሎችም ገብተዋል። የጉርድዋራው እሳት ግን አልጠፋም። በ2020 ወረርሽኙ ለንደንን ሲዘጋ፣ ወጥ ቤቱ ምግቡን እያሸገ ወደ ችግረኛው ይልክ ነበር። በእሑድ በዓል ደምቆ ሰኞ የሚፈርስ ስብስብ ቢሆን ኖሮ ይህን አይችልም ነበር።

ለእኛ የቀረው ጥያቄ

ከ1974ቱ አብዮት በኋላ ወደ ለንደን የመጡት ኢትዮጵያውያንም ከዜሮ አልጀመሩም። የጽዋ ማኅበሩን፣ እድሩን፣ እቁቡንና የእንቁጣጣሽ ድግሱን ይዘው መጡ። እነዚህ በሌላ አገር በሕግና በበጀት የሚቋቋሙ ሥራዎች ናቸው፦ መድን፣ ብድርና የሐዘን እርዳታ። ሆኖም የአገር ቤት የዳያስፖራ ፖሊሲ፣ ከ2013ቱ ሰነድ እስከ 2018ቱ የዳያስፖራ ትረስት ፈንድ፣ አብዝቶ የተመለከተው ገንዘባችንን ነው። የለንደን ማዘጋጃዎችም ቢሆኑ በአብዛኛው የሚያዩን በባህል ቀን ነው። ሁለቱም ተቋሞቻችንን አያዩም። እኛ ራሳችን እድሩን የአሮጊቶች ጉዳይ፣ ሰንበቴውን የቤተ ክርስቲያን ጉዳይ ብለን ከተውነው ደግሞ፣ አላዩንም ብለን መክሰስ አንችልም።

ሳውዝሆል ቀላል ትምህርት አይሰጥም። የሲኮቹ ቁጥር ከእኛ ይበልጣል፤ የፋብሪካ ሥራም በአንድ ቦታ ሰብስቧቸዋል። የእኛ ሰው በለንደን ተበታትኖ ይኖራል፤ አገር ቤት የተነሣ መከፋፈልም እዚህ ድረስ ይከተለዋል። በስደት የነበረውና የአገር ቤቱ ሲኖዶስ በ2018 እስኪታረቁ ድረስ፣ አንዱን ቅዳሴ የሚያስቀድሱ ሰዎች ከሩብ ምዕተ ዓመት በላይ ማዕዳቸው ተለያይቶ ነበር። ቢሆንም ከዚያ ሰፈር ታሪክ ሦስት ነገሮች መውሰድ ይቻላል። ተቋሙ ንብረት ካለው ትውልድ ይሻገራል። በዓሉ ገቢና አዳራሽ ካፈራ ለክፉ ቀን ይተርፋል። ማዕዱም ለባዕድና ለተበደለ ሰው ክፍት ከሆነ ጎረቤቱን ወዳጅ ያደርጋል።

ስለዚህ የሚቀጥለው የእድር ወይም የማኅበር ስብሰባ ሲጠራ፣ ከሒሳብ ዘገባው ቀጥሎ ሦስት ጥያቄዎች በአጀንዳው ላይ ቢሰፍሩ መልካም ነው። የምንሰበሰብበት ቤት የማን ነው? በባንክ ሒሳቡ ላይ ከፈራሚዎቹ አንዷ ሴት ናት ወይ? እዚህ ተወልዶ አማርኛው የሚሰባበርበት ወጣትስ ከመካከላችን ተቀምጧል?