የማራገቢያ ፍጥነት ቁጥጥር በጸጥተኛ ኮምፒውተር

የማራገቢያ ፍጥነት ቁጥጥር የኮምፒውተር ማቀዝቀዣ ማራገቢያዎች፣ በጥገና ሱቆች አጠራር ፋኖች፣ በደቂቃ ስንት ዙር እንዲዞሩ የሚወሰንበት አሠራር ነው። ጸጥተኛ ኮምፒውተር የሚፈልግ ሰው ምርጫው የዕቃ ምርጫ ይመስለዋል፦ ቮልት መቀነስ፣ በእጅ የሚዞር መቆጣጠሪያ መግጠም፣ ወይም ነገሩን ለማዘርቦርዱ መተው። ሦስቱም የራሳቸው ጥቅምና ጉዳት አላቸው። ጆሮ ላይ የሚደርሰውን ውጤት ይበልጥ የሚወስነው ግን ፋኑ የየትኛውን ሴንሰር ንባብ እንደሚከተልና ለንባቡ ምን ያህል ቸኩሎ መልስ እንደሚሰጥ ነው። ፋኑ ለምን ነገር መነቃነቅ እንደሌለበት ሳይወሰን የተገዛ ውድ መቆጣጠሪያ ጸጥታ አያመጣም።

ፍጥነትና ድምፅ

ፋን የሚገፋው አየር መጠን ከፍጥነቱ ጋር በእኩል ይለዋወጣል፤ የሚበላው ኃይል ደግሞ ፍጥነቱ ሦስት ጊዜ በራሱ ተባዝቶ እንደሚሰጠው ውጤት ነው። በደቂቃ 1200 ዙር የሚዞር ፋን ወደ 600 ሲወርድ አየሩ በግማሽ ይቀንሳል፣ የሚበላው ኃይል ወደ አንድ ስምንተኛ ይወርዳል፣ ድምፁም በግምት 15 ዲሲቤል ይቀንሳል። የ10 ዲሲቤል ቅናሽ ለሰው ጆሮ ድምፁ በግማሽ የቀነሰ ያህል ስለሆነ ይህ ትልቅ ለውጥ ነው። በሌላ በኩል ሁለት ተመሳሳይ ፋኖች አብረው ሲዞሩ በአንዱ ድምፅ ላይ የሚጨምሩት 3 ዲሲቤል ብቻ ነው። ስለዚህ አንድ ፋን ለብቻው ይገፋው የነበረውን አየር ሁለት ፋኖች በግማሽ ፍጥነት ቢገፉት በስሌት 12 ዲሲቤል ያህል ይተርፋል። ጸጥተኛ ኮምፒውተር ብዙ ፋን ቢኖረውም የማያስገርመው ለዚህ ነው።

ይሁን እንጂ ጆሮ የሚከታተለው መጠንን ብቻ ሳይሆን ለውጥንም ነው። ማታ ቤት ውስጥ የፍሪጅ ሞተር ሲሠራ ልብ የማይል ሰው ሲነሳና ሲቆም ይሰማዋል። የፋንም ነገር እንዲሁ ነው፤ 800 ዙር ላይ ጸንቶ የሚቆይ ፋን በ600 እና በ1000 መካከል ከሚዋዥቅ ይልቅ ቶሎ ይረሳል። ባለ9 ክንፍ ፋን በደቂቃ 900 ዙር ሲዞር ክንፎቹ በሰከንድ 135 ጊዜ አንድ ቦታ ያልፋሉ፤ ጎኑ ያለው ተመሳሳይ ፋን 920 ዙር ላይ ከሆነ ቁጥሩ 138 ይሆናል። ሁለቱ ድምፆች ሲደራረቡ በሰከንድ ሦስት ጊዜ ከፍ ዝቅ የሚል ጉርምርምታ ይፈጠራል። እያንዳንዱ ፋን ለብቻው ቢለካ ጥፋት የለበትም፤ የሚያስቸግረው ተቀራርበው ግን ሳይገጣጠሙ መዞራቸው ነው።

የመቆጣጠሪያ ዘዴዎች

አብዛኛው የኮምፒውተር ፋን በ12 ቮልት የሚሠራ ሞተር ስላለው ቀዳሚው ዘዴ ቮልቱን መቀነስ ነበር። ማዘርቦርዶች ፋንን በቅጡ በማይቆጣጠሩበት ዘመን ጸጥታ ፈላጊዎች ፋኑን በፓወር ሰፕላዩ ቢጫና ቀይ ሽቦዎች መካከል ያገናኙት ነበር። ቢጫው 12፣ ቀዩ 5 ቮልት ስለሆነ ለፋኑ የሚደርሰው ልዩነቱ፣ ማለትም 7 ቮልት ነው። ገንዘብ አያስወጣም፤ ነገር ግን ፋኑ ሾርት ካደረገ 12 ቮልቱ ወደ 5 ቮልቱ መስመር ተሻግሮ ሌላ ዕቃ ሊያቃጥል ይችላል። የቮልት ቅነሳ ሁሉ የሚጋራው ችግር ደግሞ መነሻው ላይ ነው። የቆመን ሞተር ለማስነሳት የሚያስፈልገው ቮልት የሚዞረውን ለማቆየት ከሚበቃው ይበልጣል። ትናንት በ4 ቮልት ያለችግር ሲዞር ያመሸ ፋን ዛሬ ጠዋት ኮምፒውተሩ ሲበራ በዚያው 4 ቮልት ክንፉን ወዲያና ወዲህ እያንቀጠቀጠ ሳይዞር ሊቀር ይችላል። ኩሽኔታው ሲያረጅና አቧራ ሲይዝ ይህ አደጋ ይጨምራል።

ኢንቴል እ.ኤ.አ. በ2004 ከኤልጂኤ 775 የፕሮሰሰር ሶኬት ጋር ያስፋፋው ባለ4 ፒን አሠራር ችግሩን በሌላ መንገድ ፈታው። 12 ቮልቱ አይነካም፤ በአራተኛው ሽቦ ላይ በሰከንድ 25,000 ጊዜ ያህል የሚበራና የሚጠፋ ምልክት ይላካል፣ ፋኑም ምልክቱ በበራበት ጊዜ ድርሻ ልክ ፍጥነቱን ያስተካክላል። ይህ ፒደብሊውኤም የሚባለው ዘዴ ነው። 25 ኪሎኸርዝ የሰው ጆሮ ከሚደርስበት 20 ኪሎኸርዝ በላይ በመሆኑ ማብራትና ማጥፋቱ በራሱ አይሰማም። ሦስተኛው ሽቦ በእያንዳንዱ ዙር ሁለት ምት እየላከ ፋኑ በእርግጥ መዞሩን ለማዘርቦርዱ ይናገራል። ባለ3 ፒን ፋን ግን አራተኛው ሽቦ ስለሌለው፣ ባዮስ በሚባለው የማዘርቦርዱ ቅንብር ውስጥ መስመሩ ወደ ቮልት ቁጥጥር ካልተቀየረለት በሙሉ ፍጥነት ይጮሃል። ከሁለቱ ለመምረጥ ፒደብሊውኤም ይሻላል፤ ሆኖም ዘዴው ፍጥነቱን የሚያደርስ መንገድ ብቻ ነው፣ ፍጥነቱ ስንት ይሁን የሚለውን አይመልስም።

ሴንሰርና ጊዜ

ማዘርቦርዶች በተለምዶ ፋኑን የሚያስከትሉት ፕሮሰሰሩ ውስጥ ያለውን ሴንሰር ነው፤ ብዙ ኮምፒውተር ያለ ምክንያት የሚያጓራውም እዚህ ላይ ነው። ሥራ ፈትቶ 40 ዲግሪ ላይ የተቀመጠ ፕሮሰሰር አንድ ከባድ ድረ ገጽ ሲከፈትለት በአንድ ሰከንድ ውስጥ 65 ዲግሪ ሊደርስና ከጥቂት ሰከንዶች በኋላ ሊመለስ ይችላል። ፋኑ ይህን አይቶ ሽቅብ ይፈተለካል፣ ወዲያው ደግሞ ይወርዳል። ያ ሩጫ ምን አስገኘ? ከፕሮሰሰሩ ሙቀት የሚቀበል፣ 700 ግራም የሚመዝን የአሉሚኒየም ሂትሲንክ በአንድ ዲግሪ ለመሞቅ 630 ጁል ያህል ሙቀት ይጠይቃል። ድረ ገጹ ለ3 ሰከንድ 60 ዋት ቢጨምር 180 ጁል ነው፤ ሁሉም ሂትሲንኩ ውስጥ ቢገባ እንኳ የሚያሞቀው የአንድ ዲግሪ ሲሶ አይሞላም። ፋኑ አየር የሚነፋው በሂትሲንኩ ላይ ነው፤ ሂትሲንኩ ካልሞቀ ደግሞ ከእሱ ላይ የሚወስደው ተጨማሪ ሙቀት የለም። ድምፁ የወጣው በከንቱ ነው።

ከዚህ የሚከተለው ፋኑ የሂትሲንኩን ፍጥነት ያህል ዘገምተኛ መሆን እንዳለበት ነው። ብዙ ባዮሶች ፍጥነት ለመጨመርና ለመቀነስ የሚጠበቀውን ጊዜ በሰከንድ ለማስተካከል ይፈቅዳሉ። የሚጨምርበትና የሚቀንስበት ሙቀት መካከልም የጥቂት ዲግሪ ልዩነት ሊተውለት ይችላል፤ ያኔ በአንድ ዲግሪ ወዲያና ወዲህ ማለት ፋኑን አያነቃንቀውም። የሙቀትና የፍጥነት ግራፉ፣ ፋን ከርቭ የሚሉት፣ ከታች ረጅም ሜዳ ሊኖረው ይገባል፤ ለምሳሌ እስከ 65 ዲግሪ ድረስ ፍጥነቱ ሳይለወጥ ቆይቶ ከዚያ ወዲያ ቀስ ብሎ ይወጣል። የኬዝ ፋኖች ደግሞ ከፕሮሰሰሩ ይልቅ ዘገምተኛ ሴንሰር ቢከተሉ ይመረጣል፦ የማዘርቦርዱን፣ በውሃ ለሚቀዘቅዝ ኮምፒውተር የውሃውን፣ አለዚያም ማዘርቦርዱ የሚሰካበት ቦታ ካለው በአየር መውጫው ላይ የሚለጠፍ ቴርሚስተር የሚባል ትንሽ የሙቀት ሴንሰርን።

የሚነሱ ተቃውሞዎች

የመጀመሪያው ተቃውሞ፣ ጆሮን የሚረብሸው ለውጥ ከሆነ ለምን ፋኑ በአንድ ዝቅተኛ ፍጥነት አይታሰርም የሚል ነው። ክርክሩ ጠንካራ ነው፤ ብዙ ኃይል ለማይበላ ኮምፒውተር በቂ መልስም ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ቋሚ ፍጥነት ለከባዱ ሰዓት ከተወሰነ ቀኑን ሙሉ አላስፈላጊ ድምፅ ያሰማል፤ ለቀላሉ ሰዓት ከተወሰነም ቪዲዮ ሲቀነባበር ወይም ጌም ሲከፈት ፕሮሰሰሩ ሥራውን ያዘገማል። ረጅም ሜዳ ያለው ግራፍ የቋሚ ፍጥነትን ጥቅም ለአብዛኛው ሰዓት ጠብቆ ለከባዱ ሰዓት መውጫ ይተዋል።

ሁለተኛው የሙቀት ፍርሃት ነው። በጊዜያችን የሚሠሩ ፕሮሰሰሮች 95 ወይም 100 ዲግሪ ገደማ ሲደርሱ በራሳቸው ፍጥነት ቀንሰው ሙቀቱን ይገታሉ፤ ከዚያም ካለፈ ይጠፋሉ። ስለዚህ በሥራ ሰዓት 75 ዲግሪ ማየት ከአደጋው ገና ብዙ የራቀ ነው። ፍርሃቱ ይበልጥ የሚያስኬደው ለሐርድ ዲስክ ነው፤ እሱ ከፕሮሰሰር በጣም ዝቅ ባለ ሙቀት መቆየት ስላለበት ፊቱ ያለው ፋን ፈጽሞ እንዲቆም መፍቀድ አይገባም። ሦስተኛው፣ ቁጥጥሩ ቢበላሽስ የሚለው፣ በፕሮግራም ለሚቆጣጠሩ ሰዎች እውነት ነው፤ ፕሮግራሙ ሲሰቀል ፋኑ በመጨረሻ በታዘዘበት ፍጥነት ሊቀር ይችላል። ባዮስ ውስጥ የተቀመጠ ግራፍ ግን ዊንዶውስ ቢቆምም ማዘርቦርዱ ላይ ባለ ቺፕ መሥራቱን ይቀጥላል፣ የፒደብሊውኤም ሽቦው ቢነቀል ደግሞ ፋኑ በባለ4 ፒን አሠራሩ ደረጃ መሠረት ወደ ሙሉ ፍጥነት ይሄዳል። ብልሽቱ ኮምፒውተሩን በጸጥታ ከማቃጠል ይልቅ በጩኸት ራሱን ያሳውቃል።

ለቦታው ማስተካከል

ግራፍ ከሌላ ሰው የሚቀዳ ነገር አይደለም። አየር ሙቀት የሚሸከመው በክብደቱ ነው፤ ፋን ግን በአንድ ፍጥነት የሚገፋው የአየር ይዘት የትም ያው ነው። ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ባለችው አዲስ አበባ የአየሩ ጥግግት ከባሕር ዳርቻው በአንድ አምስተኛ ያህል ያነሰ ስለሆነ፣ የክፍሉ ሙቀት እኩል ከሆነ ያው 600 ዙር የሚያነሳው ሙቀት ያነሰ ነው። ጅቡቲ ወይም ዱባይ ላይ አየሩ ይከብዳል፣ የክፍሉ ሙቀት ግን ሌላ ሒሳብ ያስከትላል። ስለዚህ አሠራሩ ከጆሮ ይጀምራል፦ ሌሊት ጸጥ ባለ ክፍል ፋኑን ከዝቅተኛው ፍጥነት ተነስቶ መጨመርና ድምፁ መሰማት ከሚጀምርበት በታች ያለውን ፍጥነት የሜዳው ወለል ማድረግ ነው። በመንገድ ላይ ኬዙን የሚያንዘፈዝፍ ፍጥነት ከተገኘ ግራፉ እዚያ ላይ ሳይቆም እንዲያልፈው ይደረጋል። ከዚያ ኮምፒውተሩ ግማሽ ሰዓት ከባድ ሥራ ይሰጠዋል፤ ሂትሲንኩም ኬዙም ሞቀው የሚረጉት ያኔ ነው። ሙቀቱ የረጋበት ቁጥር ወለሉ ብቻውን መብቃት አለመብቃቱን፣ ካልበቃም ከየትኛው ዲግሪ መጨመር እንደሚጀመር ያሳያል። ወለሉ ላይ ያለ ሥራ ሙቀቱ ወደ ወሰኑ ከተጠጋ ችግሩ የቁጥጥር አይደለም፤ የሚያስፈልገው ተጨማሪ ፋን፣ ትልቅ ሂትሲንክ ወይም የአቧራ መጥረጊያ ነው።