ላንድክሩዘራችን ከእኛ በፊት የማን ነበረች?

ዛሬ ረዘም ያለ ነገር ነው የጻፍኩት፤ ቡና አስፈልታችሁ አንብቡት።

ከሁለት ሳምንት በፊት አንድ የቀድሞ ተማሪዬ ከአዲስ አበባ ደወለልኝ። ሰላምታውን በቅጡ ሳይጨርስ «ጋሼ፣ ያቺ ይፋግ ያለችው ላንድክሩዘር አሁንም አለች? ገዢ አግኝቼላችኋለሁ» አለኝ። የጠራውን ዋጋ ስሰማ የያዝኩትን ስኒ አስቀመጥኩ። ቁጥሩን እዚህ አልጽፈውም፤ ደላላ ይሰማል። ብቻ እኛ ከገዛንበት ጋር የሚወዳደር አይደለም።

ማታ እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ታሪክ ሲያስተምር የኖረ ሰው ችግሩ ይኼው ነው፤ «ትሸጥ ወይስ አትሸጥ» ብሎ ማሰብ ሲገባው «ከየት መጣች» ብሎ ይጀምራል።

የገዛናት በ2001 ዓ.ም. ባሕር ዳር ላይ፣ ከአንድ ነጋዴ ነው። ሦስት ወንድማማቾች ተዋጥተን፤ እኔ ከደመወዜ ያጠራቀምኳትን፣ ታላቅ ወንድሜ በሬ ሸጦ፣ ታናሹ የሩዝ ብሩን ይዞ። ሎንግ ቤዝ ናት፤ ባለ 4.2 ሊትር የናፍጣ ሞተር፣ መካኒኮች «ዋን ኤች ዜድ» የሚሉት። ኮምፒዩተር የሚባል ነገር አያውቃትም። ፎር ዊል ለማስገባት ወርዳችሁ የፊት ጎማዎቿ መሐል ላይ ያለውን መቆለፊያ በእጃችሁ ታዞራላችሁ፣ ያውም ጭቃ ውስጥ ቆማችሁ። የፎገራን ዋልካ በክረምት የሚያውቅ ሰው ምን ማለቴ እንደሆነ ይገባዋል።

ታላቅ ወንድሜ የመረመራት በቅሎ እንደሚገዛ ሰው ነበር። አትሳቁ፤ ይፋግ እኮ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ከቤጌምድር ትልልቅ ገበያዎች አንዱ ነበረ፤ የሲራራ ነጋዴ አሞሌ ጨው ጭኖ የሚደርስበት። በቅሎ ስትገዛ ጥርሷ ይታያል፣ ጀርባዋ ይዳሰሳል፣ ዳገት ላይ ትሞከራለች። እሱም ኮፈኗን ከፈተ፣ ሻንሲዋን በመዳፉ ዳሰሰ፣ ዳገት አስወጣት፣ ከዚያ «ጥርሷ ደህና ነው» ብሎ ፈረደ። ጥርሷ ደህና አልነበረም። ኪሎ ሜትር ቆጣሪዋ ወደ ኋላ ተመልሶ ኖሯል፤ ካምቢዮዋም በሦስተኛው ወር ተበተነ። ሻጩ ጋ ስንደውል ስልኩ ዝግ ነው።

ጋራዥ ከገባች አይቀር በሯን እናስቀባ አልን። ቀለሙ ሲፋቅ ከሥሩ ነጭ ቀለም ወጣ፤ ነጩ ላይ ደግሞ ተነቅሎ የተጣለ ዓርማ ክብ ጥላ ቀርቷል። የእርዳታ ድርጅት መኪና ነበረች። የቆዩ ወረቀቶቿን ገልጬ ሳያቸው ነገሩ ተገጣጠመልኝ፤ ድርጅቱ ሥራውን ሲጨርስ ለመንግሥት መሥሪያ ቤት አስረከባት፣ መሥሪያ ቤቱ ስታስቸግረው በጨረታ ሸጣት፣ ነጋዴው ገዝቶ ቀባት፣ ከዚያ እኛ ደረስን። አራተኛ እጅ ማለት ነው።

ስለ አውቶቡስና ስለ ጭነት መኪና አይደለም የማወራው። ዳገት ስለሚወጣው ተሽከርካሪ ግን ይኼን አምናለሁ፦ ወደኛ ደጋ ለገበሬው ተብሎ አልመጣም። ለመድፍ፣ ለወረራ፣ ለእርዳታ፣ ለባለሥልጣን ይመጣል፤ እኛ ጋ የሚደርሰው ሌላው ተገልግሎበት ሲበቃው ነው።

ከመድፉ ልጀምር። ከደብረ ታቦር ትንሽ ወጣ ስትሉ ጋፋት አለች። ዐፄ ቴዎድሮስ የአውሮፓ ሚሲዮናውያንንና የእጅ ባለሙያዎችን እዚያ አስፍረው መድፍ አሠሩ፤ ትልቁ ሴባስቶፖል ክብደቱ ወደ 7 ቶን ይጠጋል። ማቅለጡ አንድ ነገር ነው፣ ማንቀሳቀሱ ሌላ። በቅሎ አይጭነውም። ስለዚህ ሰረገላ ተሠራ፤ ሰረገላ ደግሞ መንገድ ይፈልጋል። በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ንጉሡ ደብረ ታቦርን አቃጥለው ወደ መቅደላ ሲነሡ መንገዱ ከፊት ከፊታቸው ነበር የሚጠረገው፤ ራሳቸውም ከሠራተኛው ጋር ድንጋይ ይፈነቅሉ ነበር። የጅዳንና የበሽሎን ገደል ወርደው ወጥተው መቅደላ የደረሱት መጋቢት ላይ ነው። ግማሽ ዓመት ገደማ! ክፍል ውስጥ ይኼን ሳስተምር የማወራው ስለ ንጉሡ ቆራጥነት ነበር። ላንድክሩዘር ከገዛሁ በኋላ ግን የሚታየኝ ቁልቁለቱ ነው። 7 ቶን ብረት በሰረገላ ወደ በሽሎ ሲወርድ፣ እንዳያመልጥ ከኋላ ገመድ ይዞ እግሩን መሬት ላይ የተከለው ማን ነበር? ታሪክ ያስቀረልን የመድፉን ስም ነው።

ቀጥሎ የመጣው ጣሊያን ነው። መጋቢት 23 ቀን 1928 ዓ.ም. በመኪና የተጫነው የስታራቼ ጦር ከኤርትራ በኩል ተነሥቶ ጎንደር ገባ፤ ብዙም ሳይቆይ ደብረ ታቦርም ተያዘች። አምስት ዓመት ቆይቶ ሄደ፣ ጋራዡ ውስጥ ግን እስከ ዛሬ አለ። መካኒኩን ልብ ብላችሁ ስሙት፦ ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን፣ ፍሬን፣ ባሌስትራ፣ ቸርኬ፣ ማርሚታ፣ ካቻቢቴ፣ ጎሚስታ። ጎማም መኪናም የሚሉት ቃላት ጣሊያንኛ ናቸው። ሰረገላ የእኛ ነበረ፤ የቴዎድሮስ ሰረገላ ግን መካኒክ አላፈራም።

«ፎር ዊል» የሚለው ቃል ግን እንግሊዝኛ መሆኑን ልብ በሉ። ጣሊያን ከወጣ በኋላ የመጣ ነገር ስለሆነ ነው። ጂፕን የአሜሪካ ጦር ለሁለተኛው የዓለም ጦርነት አሠራው፤ ያን አይተው እንግሊዞች በ1948 (በፈረንጆቹ) ላንድሮቨርን አወጡ። ቶዮታ ደግሞ በኮሪያ ጦርነት ጊዜ፣ በ1951፣ የራሱን ጂፕ ሠራ፤ «ላንድክሩዘር» ተብሎ የተሰየመው በኋላ ነው። ያ ዓመት የእኛ ቃኘው ሻለቃ ኮሪያ የገባበት ዓመት ነው። የላንድክሩዘር ቅድመ አያትና የእኛ ወታደር የአንድ ጦርነት ልጆች ናቸው ማለት ይቻላል።

የላንድክሩዘራችን ዘር፣ 70 የሚባለው ሞዴል፣ ጃፓን ላይ የወጣው በኅዳር 1977 ዓ.ም. ነው። የዚያን ወር እኛ የት እንደነበርን የዕድሜ እኩዮቼ አትረሱትም። ቢቢሲ የኮረምን ረሃብ ለዓለም ያሳየው ጥቅምት 13 ነበር። እኔ ያኔ አዲስ ዘመን ጀማሪ አስተማሪ ነበርኩ። ነጫጭ መኪኖች አቧራ እያስነሡ ወደ እብናት ሲታጠፉ፣ ከጎናቸው ሰው በእግሩ ልጅ አዝሎ ይሄድ ነበር። እብናት መጠለያ ውስጥ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሰው ተሰብስቦ፣ ሚያዝያ ላይ በግድ ተበተነ፤ ጎጆዎቹም ተቃጠሉ። ያን ጊዜ እነዚያን መኪኖች ሳይ «አንዷ የእኔ ብትሆን» የሚል ሐሳብ ጭራሽ አልመጣብኝም። የሌላ ዓለም ዕቃ ነበሩ። የእኛዋ ከዚያ በኋላ የተሠራች ናት፣ የዚያን ዘመን መኪና አይደለችም፤ ያ ክብ ጥላ በሯ ላይ ሲወጣ ግን ወዲያው የታየኝ የእብናት መንገድ ነው።

እኛ ጋ ከመጣች በኋላ ያደረገችውን ልንገራችሁ። ከይፋግ በላይ ያሉት መንደሮች ውስጥ ምጥ የጠናባት ሴት በቃሬዛ ነበር አስፋልት የምትደርሰው፤ ስምንት ሰው እየተፈራረቀ፣ ሌሊት፣ በዝናብ። አሁን ስልክ ይደወላል፣ ታናሽ ወንድሜ ይነሣል። የናፍጣ ብቻ ነው የሚቀበለው፤ እሱንም ሁልጊዜ አይደለም። ስንት ሰው እንዳመላለሰች ቆጥረን አናውቅም። የማገዶም የእህልም ጭነት ሠርታለች፤ ትርፍ ግን ከጎማና ከባሌስትራ አልፎ አያውቅም። ያው ጥሩ ነጋዴዎች አይደለንም።

ዋጋዋ ለምን እንዲህ ናረ ካላችሁ፣ በ2012 የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ አሮጌ መኪና ማስገባትን እጅግ አስወደደው፤ ጥር 2016 ላይ ደግሞ መንግሥት ከኤሌክትሪክ በቀር ሌላ አውቶሞቢል እንዳይገባ መከልከሉን አስታወቀ። ስለዚህ አገር ውስጥ ያለው አሮጌ ሁሉ ወርቅ ሆነ። ነዳጅ በውጭ ምንዛሪ ለምትገዛ አገር ሐሳቡን አልነቅፍም፤ አዲስ አበባ ላይ ያምርበታል። እኛ ዳገት ላይ ግን እሱም እንደ ልማዱ አራተኛ እጅ ሆኖ ነው የሚደርሰን፤ እስከዚያ ያሉት አሮጌዎች እየተሸጡ ወደ ከተማ ይወርዳሉ።

ባለፈው እሑድ ሦስታችን ተቀመጥን። ታናሽ ወንድሜ ይሸጥ አለ፤ ልጁን የሚያስተምርበት ብር ያስፈልገዋል፣ ደግሞም ሌሊት የሚነሣው እሱ ነው፣ እኔ አይደለሁም። በዚህ ላይ በዚህ ጊዜ ላንድክሩዘር ይዞ መንገድ መውጣት ምን እንደሚመስል ታውቁታላችሁ። መልስ አልነበረኝም። ታላቁ ዝም ብሎ ቆየና «ለገዢው ካምቢዮዋን ነግራችሁታል?» አለ። ሳቅን። ከዚያ እንደ ዋዛ አድርጎ፣ ከላይ መንደር ሐምሌና ነሐሴ ላይ የሚወልዱ ሁለት ሴቶች እንዳሉ ነገረን። አንደኛዋ የታናሽ ወንድሜ ሚስት እህት ናት።

እስከ መስከረም ትቆይ ተባለ። መስከረም ላይ እንደገና እንነጋገራለን፤ ታናሹ ያኔም ይሸጥ ካለ እኔ አልከራከረውም፣ ድርሻዬንም ለልጁ እተውለታለሁ ብዬዋለሁ።

አሁን ግን የናፍጣ ፖምፓዋ እያስቸገረ ነው፤ ጠዋት ጠዋት ጭስ ታበዛለች፣ ዳገት ላይም ጉልበት ታጣለች። ጎንደርም ሆነ ባሕር ዳር ፖምፓ በደንብ የሚያድስ ባለሙያ የምታውቁ፣ እባካችሁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። ክረምቱ ሳይገባ።