የሐይቅ ዳር ምሳ ለማን ይሠራል?

ከቢሾፍቱ እስከ ሐዋሳ፣ ከላንጋኖ እስከ ባሕር ዳር፣ ሐይቅ ዳር ስለሚበላ ምሳ የሚሰማው ስሞታ ተመሳሳይ ነው። አሳው ደርቆ ይመጣል። ያዘዙት ምግብ ማለቁ የሚነገረው ተጠብቆ ተጠብቆ ሆድ ከባባ በኋላ ነው። አስተናጋጁ ቢጠሩት አይሰማም፣ ቢሰማም ፊቱ አይፈታም። ለዚህ ሁሉ የሚሰጠው ምክንያት ሁለት ዓይነት ነው፤ አንዱ ባለሆቴሉን በስግብግብነት ይከሳል፣ ሌላው ‹‹መስተንግዶ እኛ ላይ አልፈጠረብንም›› ብሎ አገሩን በሙሉ ያማል። ሁለቱም ታሪኩን ይዘሉታል። የሐይቅ ዳር ሆቴሎች ከተተከሉ ወዲህ መንግሥታት ተፈራርቀዋል፣ የሆቴሎቹም ባለቤትነት ከእጅ ወደ እጅ ዞሯል። በየዘመኑ ግን የሆቴሉ ህልውና የተንጠለጠለው ወንበር ስቦ ምሳ በሚያዘው ሰው ኪስ ላይ አልነበረም። ወጥ ቤቱ ለማን መጠንቀቅ እንዳለበት ሁልጊዜ ያውቅ ነበር፤ የሚጠነቀቀው ግን ለበላተኛው አልነበረም።

ነገሩ የሚጀምረው ሆቴል ከመኖሩ በፊት ነው። የደጋው መንገደኛ በሶውንና ዳቦ ቆሎውን ሰንቆ ይወጣል፣ ሲመሽበትም ‹‹የመሸበት የእግዜር እንግዳ›› ብሎ ደጅ ይጠናል። ምግብ በገንዘብ መሸጡ ለሻጩም ለገዢውም የሚያሳፍር ነገር ነበር። እቴጌ ጣይቱ በአዲስ አበባ ሆቴላቸውን ሲከፍቱ ሰዉ ከፍሎ መብላት አፍሮ እንደቀረና ዳግማዊ ምኒልክ ራሳቸው መኳንንቱን አስከትለው በልተው እየከፈሉ እንዳስለመዱት ይተረካል። ትረካው ሲነገር ሲነገር ተቀባብቶ ይሆናል፣ ዘመኑን ግን በደንብ ያሳያል። ሐይቅ ዳር ሲደርስ ደግሞ ሌላ ሸክም ይጨመርበታል፤ አሳ አጥምዶ የሚኖረው ሰው በደጋው ዓይን ዝቅ ብሎ የሚታይ ነበር። በጣና ዙሪያ የሚኖሩት ነገደ ወይጦ በደንገል ታንኳ አሳ ያጠምዱ፣ ጉማሬም ያድኑ ነበርና በሚበሉት ምክንያት ጎረቤቶቻቸው ከእነሱ ጋር ማዕድ አይቆርሱም ነበር። የዝዋይን ደሴቶች ቤታቸው ያደረጉት ዛዮችም አሳ አስጋሪነታቸው ዕድሜ ጠገብ ነው። አምባዛ ቅርፊት የለውምና የኦሪቱን ሥርዓት የሚጠብቅ ብዙ ክርስቲያን አይነካውም። ቆሮሶውም ቢሆን የሚታወሰው ሥጋ ሲከለከል ነው፤ የአሳ ገበያ የሚሞቀው በዐቢይ ጾም ነው፣ ያውም ‹‹አሳ በጾም ይበላል ወይስ አይበላም›› የሚለው ክርክር ገና ሳይቋጭ። ስለዚህ ሆቴል የሠራው ሰው የሐይቁን ምግብ አያውቀውም ነበር፤ የሐይቁን ምግብ የሚያውቀው ሰው ደግሞ ሜኑ ሲጻፍ የሚጠይቀው አልነበረም።

ሐይቅ ዳር ለመዝናኛ የታጨው በዐፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ነው። ንጉሠ ነገሥቱ በቢሾፍቱም በሐዋሳም በባሕር ዳርም ቤተ መንግሥት ነበራቸው። ሐዋሳ ራሷ በ1950ዎቹ መጀመሪያ የተቆረቆረች ከተማ ናት። ወደ ደቡብ የሚወስደው መንገድ ሲስተካከል አቶ በቀለ ሞላ ዝዋይ፣ ላንጋኖ፣ ሻሸመኔ፣ አርባ ምንጭ እያሉ በስማቸው የሚጠሩ ሆቴሎችን ዘረጉ፤ በአገሬው ነጋዴ እጅ እንዲህ ያለ ሰንሰለት መቆሙ እስከ ዛሬ የሚደነቅ ሥራ ነው። በ1954 ዓ.ም. የቱሪስት ድርጅት ተቋቁሞ በአቶ ሀብተ ሥላሴ ታፈሰ መሪነት የኢትዮጵያ የአሥራ ሦስት ወር ፀሐይ ለዓለም መነገር ጀመረ። በማስታወቂያው ላይ ፀሐይ፣ ሐውልትና ሐይቅ ነበሩ፤ ምሳ አልነበረም። ላንጋኖ የተመረጠውም በገበታው አይደለም። ውሃው ቡናማ ሆኖ ሳለ ቢልሃርዚያ የለበትም ስለተባለ፣ ሳይፈሩ የሚዋኙበት ሐይቅ መሆኑ ነው ስሙን ያስጠራው። የሚበላው ነገር ከዚያ ወዲያ የሚታሰብ ስለነበር ሜኑው ከአዲስ አበባ ተጭኖ መጣ፤ ጣሊያን ትቶት የሄደው ስፓጌቲ፣ ሮስቶና ኮትሌት፣ ከጎኑ ‹‹የአገር ባህል ምግብ›› በሚል ርእስ ጥብስና ዶሮ ወጥ። አሳው ራሱ ሜኑ ውስጥ የገባው ኮትሌት ወይም ጉላሽ ተብሎ፣ የፈረንጅ ልብስ ለብሶ ነው። ደንበኛው የውጭ ቱሪስት፣ ኤምባሲ ሠራተኛ ወይም ለሥራ የወጣ ሹም ነበር። አንዴ ያድራል፣ ይሄዳል። ተመልሶ ቢመጣም የሚመልሰው ውሃው ነው።

ደርግ ይህን ልማድ አልፈጠረውም፣ አጸናው እንጂ። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ፣ ከእሱ በፊትና በኋላም የተከታተሉት ውርሶች የአገሪቱን ታላላቅ ሆቴሎች ወደ መንግሥት አዞሩ፤ ቀጥሎም ግዮን፣ ራስ፣ ዋቢ ሸበሌና ኢትዮጵያ ሆቴሎች በሚባሉ ድርጅቶች ሥር ተከፋፈሉ። የባሕር ዳሩ ጣና ሆቴል ወደ ግዮን፣ የሐዋሳና የላንጋኖ የሐይቅ ዳር ቤቶች ወደ ዋቢ ሸበሌ የሚቆጠሩት በዚህ ድልድል ነው። አስተናጋጁ የመንግሥት ደመወዝተኛ ሆነ፤ እንግዳው ረክቶ ሄደም አልረካ ደመወዙ አንድ ነው። እንግዳውም ተመናመነ። ሰዓት እላፊ ነበረ፣ የቤንዚን ራሽን ነበረ፣ ከቦታ ቦታ ለመሄድ የይለፍ ወረቀት ይጠየቅ ነበረ። እንዲህ ባለ ጊዜ ላንጋኖ ድረስ ሄዶ የሚዝናናው በአብዛኛው ወይ ባለሥልጣን ነው፣ ወይ ከወዳጅ አገር የመጣ ኤክስፐርት ነው፣ ወይ ለስብሰባ የተጠራ ካድሬ ነው። ሒሳቡን የሚዘጋው መሥሪያ ቤቱ ነው። በሰሃኑ ላይ ያለው ነገር ቢበላሽ የሚቆጣው ሰው ከፋዩ አይደለም፣ ከፋዩም ሰሃኑን አያየውም።

እዚህ ላይ የሚነሳ ተቃውሞ አለ፤ እንዲያ ከሆነ ከ1983 ዓ.ም. በኋላ ሆቴሎች ወደ ግል ሲዛወሩና አዳዲስ ሪዞርቶች ሲገነቡ ችግሩ ለምን አልጠፋም? ጥያቄው ከባድ ነው፣ መልሱ ግን ከዚያው ክር ላይ ይገኛል። ባለቤቱ ተለወጠ እንጂ ከፋዩ ብዙ አልተለወጠም። ቢሾፍቱን፣ ሐዋሳንና ባሕር ዳርን በሥራ ቀን የሚሞላቸው ወርክሾፕና ሥልጠና ነው። መያዶችና መሥሪያ ቤቶች አዳራሽ ይከራያሉ፣ ለሰልጣኙ አበል ይከፍላሉ፣ ምሳውን በጥቅል ይዋዋላሉ። ቡፌ የሚባለው የብረት ክዳን ሰልፍ በየሐይቁ ዳር የነገሠው በዚህ ምክንያት ነው፤ ለሁለት መቶ ሰው በአንድ ዋጋ የሚቀርብ፣ ማንም ያላዘዘው፣ ማንም የማይመልሰው ምግብ። ወጥ ቤቱ ሰኞ እስከ ዓርብ በዚህ ከሰለጠነ ቅዳሜ ልጆቹን ይዞ ለሚመጣው አባወራ ሌላ እጅ ከየት ያመጣል? ያ አባወራ ደግሞ በር ላይ ‹‹ምግብና መጠጥ ይዞ መግባት ክልክል ነው›› የሚለውን ማስታወቂያ አልፎ ነው የገባው። መግቢያ ከፍሏል፣ ልጆቹ ውሃ ውስጥ ናቸው፣ ተነስቶ ሌላ ቤት አይሄድም። ሒሳቡ ሲመጣ ተጨማሪ እሴት ታክሱ 15 በመቶ ይታከልበታል፣ በብዙ ቤቶችም 10 በመቶ የአገልግሎት ክፍያ አብሮት ይሰላል። ይህ ሁለተኛው ገራሚ ፈጠራ ነው። ጉርሻ የአስተናጋጁን ፊት ይፈታ ነበር፤ የአገልግሎት ክፍያው ግን አገልግሎቱ ኖረም አልኖረ ደረሰኙ ላይ ይታተማል።

ሁለተኛው መከራከሪያ የአቅርቦት ነው፤ ቅቤውም፣ አትክልቱም፣ ሠራተኛውም ከሩቅ ነው የሚመጣው፣ መብራት ይጠፋል፣ ማቀዝቀዣ ይቆማል ይላሉ ባለሆቴሎች። አይካድም። ለስቴክና ለፒዛ ይህ እውነተኛ ምክንያት ነው። ለአሳ ግን አይሠራም፤ ለዚህም ምስክሩ ሐዋሳ ውስጥ ያለው አሞራ ገደል ነው። ጠዋት ጀልባዎቹ ይጠጋሉ፣ አባ ኮዳዎቹ ትራፊ ሲጠብቁ ልጆች ቆሮሶውን በፍጥነት ይገፋሉ፣ ዘይቱ ከፈላበት ድስት እየወጣ በዳጣና በዳቦ ይበላል። ፎጣ የለም፣ ሜኑ የለም፣ ወንበሩም ምቾት የለውም። ያም ሆኖ የሐዋሳን አሳ የሚያወድስ ሰው በአብዛኛው የሚያወድሰው የዚህን ቦታ አሳ ነው። ሐይቁ ያው አንድ ሐይቅ ነው፣ አሳውም ያው ነው። ልዩነቱ በላተኛው ከጠባሹ ፊት ለፊት ቆሞ አሳውን መርጦ መክፈሉ፣ ካልወደደውም ሁለት እርምጃ ተራምዶ ከሌላው መግዛቱ ነው። ጠባሹ የሚኖረው በዚያ ሰው ነው።

የመስተንግዶ ባህል የለንም የሚለውን ክስ ደግሞ የገዛ አገራችን ይመልሰዋል። ያለ አንድ ቀን ሥልጠና የከተማ ክትፎ ቤት አስተናጋጅ ጎመኑን፣ አይቡን፣ ቆጮውን ሳይጠየቅ ያሟላል፣ ደንበኛውን በስሙ ይጠራል፤ ጀበና ቡና የምታፈላዋ ልጅ ማን ስኳር እንደማይወድ ታውቃለች። ለሆቴል ሥራ ማሰልጠኛም ቢሆን ከንጉሡ ዘመን ማብቂያ ጀምሮ ነበረን። በአስተናጋጅነት ላይ ያለው ንቀት እውነት መሆኑን አልክድም፣ ‹‹ቦይ›› ተብሎ ሲጠራ የኖረ ሰው ፊቱን ቢያኮሳትር አይፈረድበትም። ነገር ግን ንቀቱ በክትፎ ቤቱም አለ፣ ውጤቱ ግን ሌላ ነው። የክትፎ ቤቱ ደንበኛ ነገም ይመጣል፤ ካልመጣ አስተናጋጁ ከባለቤቱ ቀድሞ ያውቃል።

ተመላላሽ ሰው ሲኖር ሐይቅ ዳርም ይለወጣል፣ የቢሾፍቱ ነገር ይህንኑ ያሳያል። ከተማዋ ከአዲስ አበባ 45 ኪሎ ሜትር ገደማ ናት፤ የአዲስ–አዳማ ፈጣን መንገድ ከተከፈተ ወዲህ ደግሞ ደርሶ መልስ ቀላል ሆኗል። ቅዳሜ በልቶ የተከፋ ሰው በሚቀጥለው ቅዳሜ ወደ ሌላው ሐይቅ ይዞራል፣ ሆራ ካልሆነ ባቦጋያ አለ። ውድድሩ በምግቡ ላይ መታየት የጀመረው እዚያ ነው፣ ምንም እንኳ ቡፌው ባይጠፋ። ላንጋኖ እስካሁን ሩቅ ነበር፤ 200 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ የደረሰ ሰው ያገኘውን ይበላል። አሁን ፈጣኑ መንገድ ከሞጆ እስከ ባቱ፣ ማለትም እስከ ቀድሞዋ ዝዋይ፣ ደርሷል። ባቱ ከተማ ውስጥ ደግሞ ለሹፌርና ለመንገደኛ አሳ ለብለብ የሚሠሩ ቤቶች አሉ፤ ላንጋኖ የሚዋኘው እንግዳ ከእንግዲህ ምሳውን እዚያ በልቶ መምጣት ይችላል።