የደዋይ መለያ ቁጥር፦ የሚያሳውቀውና የማያሳውቀው

የደዋይ መለያ ማለት ጥሪ ሲደርስ የተደወለበትን መስመር ቁጥር በተቀባዩ ስልክ ላይ በራሱ የሚያሳይ አገልግሎት ነው። ይህ መረጃ በደባርቅ፣ በዳባትና በሰሜን ተራሮች ግርጌ የሚኖሩ ተገልጋዮች አገልግሎቱን በአግባቡ እንዲጠቀሙና ራሳቸውን ከማጭበርበር እንዲጠብቁ የተዘጋጀ ነው።

አሠራሩ

ቁጥሩ ከድምፁ ተለይቶ በኔትወርኩ በኩል ለተቀባዩ ስልክ ይላካል። ሞባይል ከመስፋፋቱ በፊት በብዙ አገሮች ያገለግል የነበረው ፔጀር የተባለ የኪስ መሣሪያ አብዛኛውን ጊዜ ድምፅ አያስተላልፍም ነበር፤ ባለቤቱ መልሶ የሚደውልበትን ቁጥር ይቀበል ነበር። ቁጥሩን የሚያስገባውም ብዙውን ጊዜ ደዋዩ ራሱ ነበር። በደዋይ መለያም ጥሪው ከመሥሪያ ቤት ማዞሪያ ሲሆን የሚታየው የማዞሪያው ቁጥር እንጂ የደወለው ሠራተኛ ስልክ ላይሆን ይችላል። መለያው መስመሩን እንጂ ሰውየውን አያሳይም።

ቁጥሩን ስለ መለየት

• በ058 የሚጀምር ቁጥር ጎንደርንና ባሕር ዳርን በሚያካትተው የሰሜን ምዕራብ አካባቢ የሚገኝ መደበኛ ስልክ ነው።
• በ09 የሚጀምር የኢትዮ ቴሌኮም፣ በ07 የሚጀምር የሳፋሪኮም ኢትዮጵያ የሞባይል ቁጥር ነው።
• +251 የኢትዮጵያ መለያ ነው። +966 የሳዑዲ ዓረቢያ፣ +971 የተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች፣ +972 የእስራኤል ነው።

ኔትወርክ በማይደርስበት ቦታ

ገደሉና ሸንተረሩ የሬዲዮ ሞገድን ስለሚከልል በተራራው ሥር ባሉ መንደሮችና በፓርኩ የጉዞ መስመሮች ስልክ ሊቋረጥ ይችላል። ያመለጠ ጥሪ ማሳወቂያ ክፍት በሆነበት መስመር፣ ስልኩ ኔትወርክ ሲያገኝ የደዋዩ ቁጥር በአጭር መልእክት ይደርሳል። ቁጥሩ የማይታወቅ ከሆነ መልሶ ከመደወል በፊት ማንነቱን በመልእክት መጠየቅ ይመረጣል። ሒሳብ ያለቀበት የኢትዮ ቴሌኮም ደንበኛ *807* ብሎ የተፈለገውን ቁጥርና # በማስገባት «መልሰህ ደውልልኝ» የሚል መልእክት መላክ ይችላል።

ከውጭ አገር የተደወለ ጥሪ የአገር ውስጥ ቁጥር ሲያሳይ

በውጭ የሚኖር ቤተሰብ ደውሎ በስልክዎ ላይ የማያውቁት የአገር ውስጥ ቁጥር ከታየ፣ ጥሪው ሲም ቦክስ በተባለ መሣሪያ በሕገወጥ መንገድ የገባ ሊሆን ይችላል። በዚያ ቁጥር መልሰው ቢደውሉ ቤተሰብዎን አያገኙም። የዚህ ዓይነቱ ድርጊት በቴሌኮም ማጭበርበር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 761/2004 ያስቀጣል። በመሆኑም የዘመድዎን ትክክለኛ ቁጥር ከነአገር መለያው አስቀድመው ይመዝግቡ።

በተቃራኒው አንድ ጊዜ ብቻ ጠርቶ ለሚቋረጥ የማያውቁት የውጭ ቁጥር መልሰው አይደውሉ፤ የዓለም አቀፍ ጥሪ ሒሳብ ሊያስከፍልዎ ይችላል።

በመሥሪያ ቤት ስም ሲደወል

ደዋዩ ከባንክ፣ ከቴሌኮም ድርጅት ወይም ከመንግሥት መሥሪያ ቤት ነኝ ቢል፣ በስልኩ ላይ የታየው ቁጥር ወይም ስም ብቻውን ማረጋገጫ አይደለም። ቁጥር በሐሰት እንዲታይ ማድረግ ይቻላል፤ ሲም ካርድም ከባለቤቱ እጅ ሊወጣ ይችላል። ስለዚህ፦

1. የምስጢር ቁጥርዎን ወይም በመልእክት የደረሰዎትን የማረጋገጫ ኮድ ለማንም አይንገሩ።
2. ጥሪውን ዘግተው በሚያውቁት ይፋዊ ቁጥር ራሳቸው ዘንድ ደውለው ይጠይቁ። የኢትዮ ቴሌኮም 994፣ የሳፋሪኮም ኢትዮጵያ 700 ነው።
3. የደወለውን ቁጥር፣ ቀኑንና ሰዓቱን ይመዝግቡ፤ መልእክቱንም አይሰርዙ።
4. ገንዘብ ተወስዶብዎ ከሆነ ሳይዘገዩ ለባንክዎ ወይም ለአገልግሎት ሰጪው ያሳውቁ፤ በአቅራቢያዎ ለሚገኝ ፖሊስ ጣቢያም ያመልክቱ።

በስምዎ የወጣን ሲም ካርድ ለሌላ ሰው አሳልፈው አይስጡ። በዚያ መስመር ጥፋት ቢፈጸም በመለያው የሚታየው ቁጥር በእርስዎ ስም የተመዘገበ ነውና በቅድሚያ የሚጠየቁት እርስዎ ይሆናሉ።