አዲስ ዓለም፤ የጎንደር የታችኛው ሰፈር

ከደባርቅ ተነሥቶ በዳባት በኩል ጎንደር የሚገባ ሰው አስቀድሞ የሚያስበው ግንቡን ነው። እኛ ግን በዚህ አጭር ጽሑፍ ከግንቡ በታች ስላለው ስለ አዲስ ዓለም ሰፈር ልንናገር አስበናል። (ዓመቶቹ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

በአፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ ዘመን፥ በ1668፥ የተሰበሰበው ጉባኤ ሙስሊሞችና ቤተ እስራኤል ከክርስቲያኑ ተለይተው እንዲቀመጡ ወሰነ። ሙስሊሙ ርስት ስላልነበረው ኑሮው በንግድና በሽመና ላይ ቆመ። ነጋዴው ወገራን አቋርጦ፥ ከደባርቅ በኋላ የሊማሊሞን ቁልቁለት ወርዶ ወደ ምጥዋ ይሄድ ነበር። ሸማኔውም በጉድጓዱ አፍ ተቀምጦ፥ በእግሩ እየረገጠ መወርወሪያውን ይወረውራል። ፈትሉን ፈትላ የምትሰጠው የላይኛው ሰፈር እመቤት ናት። እንግዲህ ሰፈሩ ቢለያይም ጋቢው የሁለቱ ሥራ ነበር ማለት ነው። ሆኖም ሸማኔው «ቁጢት በጣሽ» እየተባለ ይሰደብ ነበር።

ከተማው በ1866 በአፄ ቴዎድሮስ፥ በ1888 ደግሞ በደርቡሽ ተዘረፈ፤ ተቃጠለም። ገበያው ሲፈታ ርስት ያለው ወደ እርሻው ይመለሳል፤ ሸማኔው ግን የሚመለስበት መሬት አልነበረውም።

አፄ ምኒልክ በ1908 ሠራተኛን በሙያው መስደብን በአዋጅ ከለከሉ። ስድቡ በአዋጅ ቢከለከልም አዋጁ መሬት አልሰጠም። ከነጋዴዎቹ መካከል የበለጸጉ ቢኖሩም፥ የሸማኔው ድህነት ርስት ከመከልከሉና ሙያው ከመናቁ የመጣ መሆኑን እናምናለን። ስለዚህ የጎንደርን ታሪክ የምናጠና ሁሉ ከግንቡ ጋራ የሸማኔውንም ቤት መመርመር ይገባናል።