የልዩ ፍላጎት ትምህርት በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ፡ ወላጅ ሊያውቃቸው የሚገቡ ነጥቦች

በየዓመቱ መስከረም ከመጥባቱ በፊት የገጠር መምህራን ቤት ለቤት እየዞሩ ዕድሜያቸው ለትምህርት የደረሱ ልጆችን ይመዘግባሉ። እኛም በመምህርነት ባሳለፍናቸው ዓመታት ይህንኑ ሥራ ሠርተናል። "ስንት ልጅ አላችሁ?" ብለን ስንጠይቅ "አራት" የሚሉን ወላጆች ነበሩ። ጓዳ ውስጥ የተቀመጠው አምስተኛው ልጅ አይቆጠርም ነበር። የማያይ፣ የማይሰማ ወይም አፉን ለመፍታት የዘገየ ልጅ ነው። ወላጆቹ ስለሚጠሉት አልነበረም፤ ትምህርት ቤት ለእርሱ የሚሆን ነገር የለውም ብለው ስላመኑ እንጂ። ይህ ጽሑፍ የተዘጋጀው ለዚያ አምስተኛ ልጅ ነው።

ምን ማለት ነው?

የልዩ ፍላጎት ትምህርት ማለት በተለመደው የማስተማር ዘዴ ብቻ መማር ለሚያስቸግራቸው ልጆች የሚሰጥ ድጋፍ ነው። ማየትና መስማት የተሳናቸውን፣ የአካል ጉዳት፣ የአዕምሮ እድገት ውስንነት ወይም ኦቲዝም ያለባቸውንና ማንበብና መጻፍ የሚከብዳቸውን ልጆች ይመለከታል። በአገራችን በሦስት መንገድ ይሰጣል፤ ለብቻው በተቋቋመ ትምህርት ቤት፣ በመደበኛ ትምህርት ቤት ውስጥ በሚከፈት ልዩ ክፍል፣ ወይም ልጁ ከእኩዮቹ ጋር በአንድ ክፍል እየተማረ በሚደገፍበት አካቶ ትምህርት። እንደ ሰበታ ዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት ያሉት ከእኛ አካባቢ እጅግ የራቁ ናቸው። ስለዚህ ለአርብ ገበያ ወይም ለወገዳ ልጅ ዋናው አማራጭ አካቶ ትምህርት ነው።

ሕጉ ምን ይላል?

በ1987 የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 41 መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን ለአካል ጉዳተኞች ድጋፍ እንዲመድብ ይደነግጋል። የ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲም አካል ጉዳተኞች እንደየችሎታቸው እንዲማሩ ያዝ ነበር። ትምህርት ሚኒስቴር የመጀመሪያውን የልዩ ፍላጎት ትምህርት ስትራቴጂ ያወጣው በ1998 ሲሆን፣ በኋላ ተሻሽሏል። ኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞች መብቶች ዓለም አቀፍ ስምምነትን በ2002 በአዋጅ ቁጥር 676 ተቀብላለች። የስምምነቱ አንቀጽ 24 ማንም ልጅ በጉዳቱ ምክንያት ከመደበኛው ትምህርት እንዳይገለል ይከለክላል። የ2001ዱ የሕንፃ አዋጅም የሕዝብ መገልገያ ሕንፃዎች ለአካል ጉዳተኞች መግቢያ እንዲኖራቸው ያስገድዳል። ስለዚህ "እዚህ አንቀበልም" የሚል መልስ ሕጋዊ መሠረት የለውም።

ቁጥሩ ለምን ያንሳል?

በ1999ኙ የሕዝብ ቆጠራ በመላ አገሪቱ አካል ጉዳተኛ ተብለው የተመዘገቡት 864,218 ሰዎች ነበሩ፤ ከሕዝቡ 1.2 በመቶ ገደማ። የዓለም ጤና ድርጅት ደግሞ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2011 ባወጣው ሪፖርት ከዓለም ሕዝብ 15 በመቶ የሚሆነው የአካል ጉዳት እንዳለበት ገምቷል። የሁለቱ አቆጣጠር መለኪያ አንድ ባይሆንም፣ የልዩነቱ አንዱ ምክንያት ያው ጓዳ ውስጥ የቀረው አምስተኛው ልጅ ነው። ያልተመዘገበ ልጅ ደግሞ በወረዳው በጀት ውስጥ ቦታ አይኖረውም።

መከላከል የሚቻለው

በአካባቢያችን ለዓይን ብርሃን መጥፋት አንዱ ምክንያት ትራኮማ ነው። በ1998 በተደረገው አገር አቀፍ ጥናት በአማራ ክልል ዕድሜያቸው ከ1 እስከ 9 ዓመት ከሆኑ ሕፃናት ከ60 በመቶ በላይ የሚሆኑት ንቁ ትራኮማ ተገኝቶባቸዋል። ፊት መታጠብ፣ የአካባቢ ንጽሕና፣ በዘመቻ የሚታደለው መድኃኒትና የቅንድብ ፀጉር ወደ ውስጥ ሲታጠፍ የሚደረገው ቀዶ ሕክምና ጉዳቱን ይከላከላሉ። የጆሮ መግልና ማጅራት ገትርም በጊዜ ካልታከሙ ልጁን መስማት ሊያሳጡት ይችላሉ።

በክፍል ውስጥ

ብዙ ድጋፍ ገንዘብ አይጠይቅም። አንድ ጊዜ "ሰነፍ" ተብሎ ኋላ የተቀመጠ ተማሪ ነበረን። ለካ ጆሮው በደንብ አይሰማም ነበር። ፊት ወንበር ላይ አስቀምጠን፣ ፊታችንን ወደ እርሱ አዙረን ስናስተምር ለውጡ በአንድ ሴሚስተር ታየ። ይሁን እንጂ ብሬል ወረቀት፣ ስሌትና ስታይለስ፣ የምልክት ቋንቋ የሚችል መምህርና ለተሽከርካሪ ወንበር የሚሆን መወጣጫ የግድ በጀት ይፈልጋሉ። ለዚህ የተቀየሰው መንገድ የድጋፍ መስጫ ማዕከል ነው፤ አንድ ትምህርት ቤት ቁሳቁስና የሠለጠነ ባለሙያ ይዞ በዙሪያው ያሉትን ትምህርት ቤቶች ያግዛል።

በ2013 ነሐሴ ነፋስ መውጫ የደረሰው ጦርነትና ከ2015 ማብቂያ ጀምሮ በክልሉ የቀጠለው ግጭት ትምህርትን ክፉኛ ጎድተዋል። ትምህርት ቤት ሲዘጋ ሌላው ልጅ ቢያንስ ደብተሩን ያገላብጣል፤ ብሬል የሚያነብ ልጅ ግን መጽሐፉም መምህሩም ያሉት ትምህርት ቤት ውስጥ ብቻ ነው።

ባህላችን ያውቀዋል

ማየት የተሳነው ልጅ መማር እንደሚችል ለአካባቢያችን አዲስ ነገር አይደለም። በቁርኣን ቤቶች በጆሯቸው እየሰሙ የሚሐፍዙ ልጆች አሉ። ጋይንት ውስጥ ባለችው ቤተልሔም ያለው የድጓ ትምህርትም በቃል ጥናት ላይ የቆመ ነው። ከስማዳ ማዶ በሳይንት የተወለደችው የትነበርሽ ንጉሤ በአምስት ዓመቷ የዓይኗን ብርሃን ብታጣም ሻሸመኔ ተምራ የሕግ ባለሙያ ሆናለች፤ በ2010 መጀመሪያም "ራይት ላይቭሊሁድ" የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት አግኝታለች። ልዩነቱን ያመጣው ትምህርት ቤት የላካት ሰው መኖሩ ነው።

ወላጅ ምን ያድርግ?

• ልጁን በምዝገባ ወቅት ያስመዝግብ፤ የጉዳቱ ዓይነትም በመዝገቡ እንዲሰፍር ይጠይቅ።
• በመጀመሪያ ዓይኑንና ጆሮውን በጤና ጣቢያ ወይም በሆስፒታል ያስመርምር።
• ከርዕሰ መምህሩ ጋር ተነጋግሮ መቀመጫውን፣ የፈተናውን አሰጣጥና የሚያግዘውን ተማሪ ያስወስን።
• ትምህርት ቤቱ እምቢ ካለ ለወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት በጽሑፍ ያመልክት፤ ካልተፈታ ደብረ ታቦር ወዳለው የዞኑ ትምህርት መምሪያ ይሂድ። የማመልከቻውን ግልባጭ ማስቀረት አይርሳ።
• በወላጅ መምህራን ኅብረት ስብሰባ ላይ ጉዳዩን ያንሳ። ተመሳሳይ ልጅ ያላቸው ወላጆች አብረው ሲጠይቁ የበለጠ ይሰማሉ።

ጎረቤትም ኃላፊነት አለበት። የመዝጋቢው መምህር ደጃፍ ላይ ቆሞ ሲጠይቅ፣ አምስተኛው ልጅም ይቆጠር።